ብረት የሌለው ልጓም፦ ለረጅም መንገድ ፈረስ

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በለጋምቦና በአማራ ሳይንት ደጋ ለምትኖሩ ገበሬ ወገኖች የፈረስን ጥቅም መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ በሽተኛ ወደ ሕክምና የሚወርደው፣ የሩቅ ዘመድ ለቅሶ የሚደረሰው በፈረስና በበቅሎ ነው። የወሎ ፈረሰኛ ዝናም የቆየ ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል እንኳ በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» ይባሉ ነበር። ዛሬ የምንማማረው ግን ስለ ፈረሱ ጉልበት ሳይሆን ስለ አፉ ነው።

እስቲ የፈረሳችሁን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከፊት ጥርሶቹና ከመንጋጋዎቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ። የልጓሙ ብረት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ድዱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው አጥንትም ጠርዙ ስል ነው። የአገራችን የቆየ ልጓም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የታችኛውን መንጋጭላ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጭላውን ጨምቆ ይይዛል። ይህ ለጦርነትና ለጉግስ፣ ፈረሱን ባንዴ ቀጥ ለማድረግ ይበጃል። ቀኑን ሙሉ ለሚኬድ መንገድ ግን አፍ ያቆስላል። አፉ የቆሰለ ፈረስ እንደልቡ አያላምጥም፤ ያልበላ ፈረስ ደግሞ ዳገት አይወጣም። አንዳንዱም ሕመሙን ሲሸሽ ይብስ ይጋልባል። «አፈ ደንዳና» እየተባለ የሚደበደበው ስንቱ ፈረስ የታመመ ነው መሰላችሁ!

ታዲያ ብረት የሌለው ልጓም ምንድነው? ዛቡ ከአፍ ብረት ጋር ሳይሆን በአፍንጫ ላይ ከሚያርፍ ጠፍር ጋር የሚያያዝ ነው። አንደኛው ዓይነት ዛቡ በግራና በቀኝ ካሉ ሁለት ቀለበቶች ላይ የሚታሰርበት ነው። ሁለተኛው ጠፍሩ ከአገጭ በታች ተጠላልፎ የሚያልፍበት ነው። ሦስተኛው በጎንና በጎን ረዘም ያለ ብረት ያለው ሲሆን፣ አፍ ውስጥ አልገባም ተብሎ አይናቅ፤ ብረቱ እንደ መፈንቀያ ስለሚሠራ የእጃችሁን ጉልበት ያበዛዋል። ለእኛ አገር መንገደኛ የምንመክረው የመጀመሪያውን ነው። ማንኛውም ኮርቻ ሠሪ ከቆዳና ከሁለት ቀለበት ሊሠራው ይችላል። ፈረሱ ልጓሙ ሳይወልቅ ውኃ ይጠጣል፣ ሣር ይግጣል፤ በውርጭ ጧትም የቀዘቀዘ ብረት አይጎርስም።

ዋናው ነገር ልኩ ነው። ጠፍሩ ከጉንጭ አጥንቱ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ። በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ብትወርዱ ጠንካራው አጥንት አልቆ ለስላሳው ይጀምራል፤ እዚያ መድረስ የለበትም። ፈረስ እንደ ሰው በአፉ አይተነፍስምና፣ ለስላሳው ከተጫነ ትንፋሹ ይታፈናል። ጠፍሩ ሁለት ጣት ያህል ሰፊ ሆኖ ከሥሩ ሁለት ጣት ያስገባ። ውስጡ በአሮጌ ባና ቢለበድ መልካም ነው። የናይሎን ገመድ ቆዳ ይልጣልና ይቅር። ዝናብና ፀሐይ ያደረቀውን ቆዳ ደግሞ ሞራ ቀቡት።

«ያለ ብረት ማን ፈረስ ያቆማል?» የሚል ሽማግሌ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግማሹ እውነት ነው። ያልተኮላሸ ፈረስ ይዞ ገበያ መሃል ለሚገባ፣ ጉግስም ለሚጫወት፣ ብረቱን ለመጣል አይቸኩል። ለሌላው ግን መጀመሪያ በታጠረ ሜዳ በእግር እየመራችሁ አስተምሩት። አንዱን ዛብ ቀስ አድርጎ መሳብ፣ አንገቱን ሲመልስ ወዲያው ማላላት ነው። ፈረስ የሚማረው ከመሳቡ ይልቅ ከማላላቱ ነው። በዚህ ሳይጸና መንገድ አትውጡበት። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ብረት ኖረም አልኖረም ውረዱና ምሩት፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ እግሩ የሚረግጥበትን ይይ።

ማታ ስትራገፉ አፍንጫውን ዳብሱ። ፀጉሩ ከተመለጠ ወይም ካበጠ ልጓሙ ጠብቋል፣ ወይም እጃችሁ ከብዷል ማለት ነው። የፈረስ ቆዳ እያሳበጠ የሚያፈነዳ በቁስል የሚገባ በሽታ ስላለ፣ የቆሰለ ፈረስ ልጓም ለጎረቤት አይዋስ።

መልመጃ፦ የፈረሳችሁን አፍንጫ ዙሪያ በክር ለኩና ርዝመቱን በደብተራችሁ ጻፉ። ጠንካራው አጥንት የሚያልቀው ከአፍንጫው ቀዳዳ ስንት ጣት ከፍ ብሎ ነው? የጎረቤታችሁስ ፈረስ?