ፕሮካልሲቶኒንና የአንቲባዮቲክ ሕክምና፦ ከአርሲ ደጋ አንጻር የቀረበ አጭር ዳሰሳ

መግቢያ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በሴፕሲስ ለተያዘ ሕመምተኛ አንቲባዮቲክ መጀመርን ማዘግየት ለሞት ያጋልጣል፤ ሕክምናውን ከሚገባው በላይ ማራዘም ደግሞ መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ መንገድ ይከፍታል። ይህ ስጋት ከአሰላ የራቀ አይደለም። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በአሰላ ሆስፒታል ትኩሳት ይዟቸው በተኙ ሕሙማን ላይ ያካሄዱት ጥናት፣ የሦስተኛ ትውልድ ሴፋሎስፖሪኖችን የሚቋቋሙ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል። ስለሆነም ሕክምናው መቼ ይቁም የሚለው ጥያቄ የደም ባዮማርከሮችን አስፈላጊነት ያጎላል።

ነባር ማስረጃዎች

ፕሮካልሲቶኒን በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ኢንፌክሽኑ ሲገታ በየዕለቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት፣ መጠኑ ከከፍተኛው ደረጃ በ80 በመቶ ሲወርድ ወይም 0.5 ማይክሮግራም በሊትርና ከዚያ በታች ሲሆን መድኃኒቱ እንዲቆም ይመከር ነበር። በዚህም የሕክምናው ሚዲያን ርዝማኔ ከ7 ወደ 5 ቀናት ሲያጥር የሞት መጠን አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው በ2,760 ሕሙማን ላይ የተደረገ የዩናይትድ ኪንግደም ጥናት ደግሞ ፕሮካልሲቶኒን ሕክምናውን በ1 ቀን ገደማ ሲያሳጥር፣ ሲአርፒ ግን ለውጥ እንዳላመጣ አረጋግጧል። የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም ፕሮካልሲቶኒንን ሕክምና ለማቆም ከሐኪሙ ግምገማ ጋር አጣምሮ መጠቀምን እንጂ ለማስጀመር መጠቀምን አይመክርም።

ውይይት

በአርሲ ደጋ ይህን ማስረጃ በሥራ ላይ ለማዋል አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ዛሬም በአሰላ ይታከማል። የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መጠን ከተሰጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ የያሪሽ ኸርክስሃይመር ምላሽ ሊከሰት ይችላል፤ ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት በዚሁ ምላሽ ወቅት ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 በደም ውስጥ እንደሚያሻቅቡ አሳይቷል። ኢንተርሉኪን 6 ጉበት ሲአርፒን እንዲያመርት የሚያነሳሳ በመሆኑ፣ በማግስቱ የሚታይ የሲአርፒ ጭማሪ የመድኃኒቱን መክሸፍ ላያመለክት ይችላል። እንዲያውም ባክቴሪያው እየጠፋ ሳለ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወባም በበኩሉ ፕሮካልሲቶኒንን ከፍ ያደርጋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ባዮማርከሩ ከመነበቡ አስቀድሞ የደም ስሚር በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ከአንድ ልኬት ይልቅም የተከታታይ ልኬቶች አቅጣጫ ይመዘን። በአውሮፓ የተወሰኑት የማቆሚያ ወሰኖች በአካባቢያችን ከመተግበራቸው በፊት፣ በግርሻ ሕሙማን ላይ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት፣ ከ24 እና ከ72 ሰዓታት በኋላ የሚደረግ የንጽጽር ጥናት ተገቢ መነሻ ይሆናል።