ቺፑን ከመምረጥህ በፊት

ወንድሜ፣ እስቲ ያንን ልትገጣጥም ያሰብከውን ኮምፒዩተር ዕቅድ ወደ ላይ መልሰው። ሦስቱን የፕሮሰሰር ዓይነቶች፣ ኤክስ 86ን፣ አርምንና ሪስክ-ፋይቭን፣ በፍጥነትና በዋጋ ደርድረሃቸዋል። ደንበኛህ ማሽኑን ከፍቶ ምን እንደሚሠራበት ግን አንድም ቦታ አልጻፍክም። እኔ ብሆን ከዚያ ነው የምጀምረው።

ማሽኑን ለቤት ነው የምገጣጥመው ትላለህ፤ ሰው ግን የቢሮ ሥራውን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። ካዛንቺስና ቂርቆስ ያሉትን ትንንሽ ቢሮዎች አስባቸው። የሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ይከፍታል። ጸሐፊዋ ደግሞ የዓመታት ደብዳቤዎች በፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ተጽፈው ተቀምጠውላታል፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። ሁለቱም ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዊንዶውስ፣ ያውም ኢንቴልና ኤኤምዲ ለሚሠሩት ኤክስ 86 ነው። ዊንዶውስ አርም ላይም አለ፤ የኤክስ 86 ፕሮግራሞችን እየተረጎመ ያስኬዳል። የፕሪንተር ድራይቨር ግን በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ለአርም ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ማተም ያቃታት ደንበኛ ማሽኑን ተሸክማ የምትመጣው አንተ ዘንድ ነው፤ ፕሪንተሩን የሠራውን ድርጅት የት ታገኘዋለች?

«አፕል ቀይሮ የለ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቀይሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ከቀድሞው የሞቶሮላ ቺፕ ወደ ፓወርፒሲ፣ በ2006 ወደ ኢንቴል፣ በ2020 መጨረሻ ደግሞ በአርም ላይ ወደተመሠረተው የራሱ ቺፕ። ግን ማሽኑም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የራሱ ስለሆነ፣ በየጊዜው የድሮውን ፕሮግራም ለአዲሱ ቺፕ የሚተረጉም ሶፍትዌር አብሮ አቀረበ። አንተ በዊንዶውስ ላይ ምን ሥልጣን አለህ?

ላንተ የሚቀርበው የኤኮርን ታሪክ ነው። ኤኮርን የእንግሊዝ የቤት ኮምፒዩተር አምራች ነበር። ገበያ ላይ ያሉት ቺፖች ለቀጣዩ ማሽኑ አልሆን ሲሉት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የራሱን ነደፉለት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያው አርም ሠራ። ዛሬ የአርም ንድፍ በኪስህ ባለው ስልክ ውስጥ አለ፤ ኤኮርን ግን የለም። ግሩም ቺፕ ስለያዘ ብቻ ኮምፒዩተር ሠሪ አይድንም፤ እኔን እህትህን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

አርምን ተወው ማለቴ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ትንሽ ኃይል የሚበላ ላፕቶፕ ትልቅ ነገር ነው። ለተማሪ የሚሆን፣ ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን በአርም ብትሠራ ደስ ይለኛል፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ እዚያ አማርኛ ለመጻፍ ፓወር ግዕዝ አያስፈልግም። ሪስክ-ፋይቭን ግን ለጊዜው ለሙከራ ብቻ ያዘው። ነፃ የተባለው የትእዛዝ ስብስቡ ነው እንጂ ቺፑ በገንዘብ ነው የሚገዛው፤ አንተ ደግሞ ቺፕ ነዳፊ አይደለህም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ማሽንህ ኤክስ 86 ይሁን፤ ራሙና ዲስኩም የሚነቀል፣ ሠፈር ያለ ጠጋኝ የሚቀይረው ይሁን። የተማሪው በአርም ይከተል። ራስህ የምትጽፈውን ሶፍትዌር ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም ላይ እየሞከርክ ጻፍ፤ ነገ መቀየር ቢያስፈልግ አትቸገርም። አርምን ለቢሮ ሥራም ካሰብከው ደግሞ፣ ትእዛዝ ከመላክህ በፊት፣ ዊንዶውስ የተጫነበት አንድ የአርም ላፕቶፕ ተዋስና ካዛንቺስ አንዱ የሒሳብ ቢሮ ይዘኸው ግባ። ፒችትሪያቸውን ጫንበት፣ ፕሪንተራቸውን ሰካበት፣ ከዚያ ያየኸውን መጥተህ ንገረኝ።