የላስታ ደን ከየት ወዴት?

ስለ ላስታ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ነው። ይገባልም። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ግን ደንጊያውን ትንሽ ተወት አድርገን ስለ ዛፉ ልንነጋገር ነው። ለምን ቢሉ፣ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ተማሪው የተራቆተውን ጋራ እያየ «ይህ አገር ድሮ ደን ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የተለመደው መልስ «አዎን ነበር፤ ገበሬው ጨረሰው» የሚል ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ አቀማመጡን እንመልከት። ላስታ ቀድሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበር። ዛሬ በሰሜን ወሎ ዞን ያለ ወረዳ ሲሆን በደቡብ ከመቄት፣ በምዕራብ ከቡግና፣ በሰሜን ከዋግ ኽምራ ጋር ይዋሰናል። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ተከዜም የሚነሣው ከነዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው፤ ዞሮ ዞሮ አትባራ ተብሎ ሱዳን ውስጥ ከዓባይ ጋር ይገናኛል።

ከፍታው እንዲህ ስለሚለያይ ዛፉም እንደ ከፍታው ይለያያል። ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ የግራር አገር ነው። ወይና ደጋውና ደጋው ላይ ወይራና ጽድ ይመጣሉ፤ ከዚያ በላይ ኮሶ፣ ከኮሶም በላይ አስታ ይበቅላል። ውርጩ ላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩትም እዚያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የተራራው አናት ዛፍ የሌለው ሰው ስለቆረጠው ሳይሆን ብርዱ ስለማያበቅል ነው። ራቁቱን የቆመ ጋራ ሁሉ የተመነጠረ ደን አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ። ላሊበላ የዛሬ ስሟን ሳታገኝ ሮሃ ትባል ነበር፤ የዛጔ ነገሥታት መናገሻም ነበረች። ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህ እንደ ላሊበላዎቹ የተፈለፈለ ሳይሆን በግንብ የተሠራ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ደንጊያ እየሆነ በአክሱም ሥልት ይወጣል። ያን ያህል ወፍራም እንጨት ካለ ደን አይገኝም እኮ! ከዋሻው ፊት ለፊት ያለው የጽድ ደን ዛሬም ለዓይን ያስደንቃል።

ላሊበላ ውስጥ ያለውን ቤተ አማኑኤልን ስናይ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። ያ የእንጨትና የደንጊያ ረድፍ ከአንድ ወጥ አለት ተቀርጾ ተመስሎበታል። ደንጊያው እንጨትን ይቀዳል ማለት ነው። እንጨት ስላለቀ ነው ወደ ደንጊያ የዞሩት ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የአሠራር ልማድም ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ደኑ መቼ ሄደ? በየስብሰባውና በየመጽሐፉ «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር» የሚል አባባል ሲደጋገም ይሰማል። ጄምስ ማካን የተባሉ የታሪክ ተመራማሪ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ ይህ ቁጥር የረባ መሠረት እንደሌለው አሳይተዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው በደቡብ ወሎ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች የተደረገው ጥናት ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ነው። የዛፍ አበባ ብናኝ በነፋስ እየተወሰደ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ ከጭቃው ጋር በየዘመኑ ይደራረባል። ጭቃውን በቱቦ አውጥቶ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው በየዘመኑ ምን ዛፍ እንደ ነበረ ያውቃል። ውጤቱም ይህን ይመስላል፦ የዝግባና የጽዱ ደን ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ ተመነጠረ። ከዚያ ወዲህ 1,800 ዓመት ያህል አገሩ ሣርና የክትክታ ቁጥቋጦ ሆኖ ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ግን ጽድና ወይራ ተመልሰው ደን ሆኑ። ካለፉት 300 ዓመታት ወዲህ እንደገና ተመነጠሩ።

ሐይቅ ላስታ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም የወሎ ደጋ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው የደን ታሪክ እንደ ናዳ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ አለመሆኑን ነው። ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ አለ።

አሁን የቀረው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ያለው ነው። የደብሩን ዛፍ መቁረጥ ነውርም ግዝትም ስለሆነ ጽዱና ወይራው እዚያ ተጠልለዋል። ይህ የኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በደቡብ ህንድ ኮዳጉ በሚባለው ደናማ አውራጃ በቡናው እርሻ መካከል «ዴቫራ ካዱ»፣ ማለት የአምላክ ደን፣ የሚባሉ ከ1,000 በላይ ጥብቅ ደኖች አሉ። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ሥራው አንድ።

ከዐጸዱ ውጭ ያለው ገበሬስ? ማገዶ ሲያጣ ኩበት ያነዳል፤ ኩበቱ ሲነድ መሬቱ ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ መሬት ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ ሲቀንስ ገደሉ ይታረሳል። በ1965/66 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰውን ረሃብ ያሰበ ሰው «ዛፍ አትቁረጥ» ብቻ ብሎ አያስተምርም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ ብዙዎች ውሃ ይጠጣል እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ እውነትነት አለው፤ እኛ ግን እሱ ባይኖር የደብሩ ጽድ ይህን ያህል ይተርፍ ነበር ብለን አናምንም።

የዐጸዱ ደን የራሱ ችግር አለበት። ሽማግሌ ዛፍ ሞልቶት ቡቃያ ያጣል፤ ከብት ገብቶ ይግጠዋል። «እመጓ»ን የጻፉት የሥነ ምኅዳር ባለሙያው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ሆነው ያደረጉት ነገር ለላስታም ይሆናል። ከማሳ የተለቀመውን ደንጊያ በደኑ ዙሪያ ካብ አድርጎ ማጠር ነው። ከብት ሲቀር ቡቃያው ይነሣል፤ ማሳውም ከደንጊያ ይጸዳል።

ወደ ማስተማር ልምምድ ስንወጣ የየመንደሩን ተማሪዎች ይዘን፣ አስቀድመን የደብሩን አለቃ አስፈቅደን፣ 10 በ10 ሜትር ቦታ በገመድ ለክተን ቡቃያ እንቁጠር፤ አንዱን ከዐጸዱ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ። የጽዱን፣ የወይራውንና የሌላውን ለየብቻ እንጻፍ። ቁጥሩን ያመጣ ሁሉ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፈው።