መያዣ ያለው ቃል፦ በምናባዊ ልቦለድ ውስጥ የእርግማንና የመሐላ ተአማኒነት

መግቢያ

ምናባዊ ልቦለድ ወይም በተለምዶ ፋንታሲ የሚባለውን ዘውግ የሚጽፍ ደራሲ አገር ይፈጥራል። ለአገሩም ወንዝና ተራራ፣ ንጉሥና ሕግ፣ ካርታና የዘመን አቆጣጠር ያበጅለታል። ነገር ግን ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ መዶሻ ጣቱን ሲመታው ምን ብሎ እንደሚጮኽ፣ ወይም በጠላቱ ፊት ቃሉን ሲሰጥ በምን እንደሚምል ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይቀራል። ገጸ ባሕርዩ «ማርያምን!» ቢል፣ ማርያም የማትታወቅበት ያ ዓለም በአንድ ቃል ይፈርሳል። ደራሲው ከዚህ ለመሸሽ ትርጉም የሌለው ድምፅ ቢፈጥር ደግሞ አንባቢው ቃሉን ያነባል እንጂ ቁጣውን አይሰማም።

ይህ አጭር ጽሑፍ የፈጠራ እርግማንና መሐላ በምን ተአማኒ እንደሚሆን ይመረምራል። መከራከሪያውም የቃሉ ኃይል የሚመነጨው ከድምፁ እንግዳነት ሳይሆን ተናጋሪው በቃሉ ካስያዘው መያዣ ነው የሚል ነው።

መሐላ፦ በራስ ላይ የሚመለስ እርግማን

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸውና በ1962 በመጽሐፍ በታተሙት ትምህርቶቹ፣ አንዳንድ ንግግሮች ነገርን የሚገልጹ ሳይሆኑ ራሳቸው ድርጊት መሆናቸውን አሳይቷል። «እምላለሁ» የሚል ሰው ስለ መሐላ አይተርክም፤ ይምላል። ድርጊቱ እንዲሰምርም ተገቢው ሰው በተገቢው ሁኔታና በታወቀ ሥርዓት ሊፈጽመው ይገባል።

አማርኛ የእርግማንንና የመሐላን ዝምድና በሰዋስው ውስጥ ያሳያል። «መብረቅ ይምታህ» እርግማን ነው፤ «ዋሽቼ እንደሆነ መብረቅ ይምታኝ» መሐላ ነው። ግሡ አንድ ነው፤ ቅጣቱም አንድ ነው፤ የተለወጠው ቅጣቱ የሚያርፍበት ሰው ብቻ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ መሐላ ማለት በሁኔታ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ራስ የተመለሰ እርግማን ነው። «አባቴ ይሙት» የሚለው ደግሞ ቅጣቱን ከራስ አሳልፎ ተናጋሪው እጅግ ወደሚሳሳለት ሰው ያዞረዋል። ተበዳሪ መሬቱን እንደሚያስይዝ ሁሉ ማይም የአባቱን ሕይወት ያስይዛል።

በዘውዱ ዘመን «ምኒልክ ይሙት»፣ ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ይባል የነበረው በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው። መያዣው የንጉሡ ሕይወት ስለነበር ከፍ ያለ አስገዳጅነት ነበረው። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወድቅ ግን ቀመሩ አንዲት ፊደል ሳትጎድልበት ጉልበቱን አጣ። ቃላቱ ባሉበት ቀሩ፤ ከጀርባቸው የቆመው ኃይል ሄደ። ስለዚህ መሐላ የሚፈጥር ደራሲ ከቃሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፦ የተያዘው ነገር ምንድን ነው? ቃሉ ሲፈርስ መያዣውን የሚወስደው ማን ነው? ይህን ቃል መናገር የሚፈቀደውስ ለማን ነው?

ማኅበረሰብ የሚያከብረውና የሚፈራው

የቁጣ ቃላት ምንጭ በየአገሩ ይለያያል፤ ልዩነቱም የዘፈቀደ አይደለም። በካናዳዋ የኬቤክ ግዛት የሚነገረው ፈረንሳይኛ ጠንካራ የቁጣ ቃላቱን የወሰደው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ነው። «ታባርናክ» ቅዱስ ቁርባን ከሚቀመጥበት ሣጥን፣ «ካሊስ» ደግሞ ከጽዋው የመጡ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሕዝቡ ኑሮ ላይ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ሥልጣን ስለነበራት ንዋያቷን በቁጣ መጥራት ድፍረት ሆኖ ተቆጠረ። የሆላንድ ሰዎች በአንጻሩ በበሽታ ይራገማሉ፤ ካንሰርና ሳንባ ነቀርሳ በስድባቸው ውስጥ ቦታ አላቸው። በአማርኛ ደግሞ «ዘርህ ይጥፋ»፣ «ድራሽህ ይጥፋ» ከባድ እርግማኖች ናቸው፤ ስምን የሚያስጠራ ዘር መተው ትልቅ ዋጋ ባለው ማኅበረሰብ ውስጥ የዘር መጥፋት ከሞት ይከፋልና።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው «ዋተርሺፕ ዳውን» በተባለው ልቦለዱ ይህን መርሕ ለጥንቸሎች ተጠቅሞበታል። የጥንቸሎቹ ስድብ ከኑሯቸው፣ ለምሳሌ ከኩሳቸውና ከጠላቶቻቸው ሽታ የወጣ ነው። ደራሲው ቃላቱን አንድ በአንድ በታሪኩ ሂደት ስለሚያስተምር፣ ወደ መጨረሻው ገደማ አንዱ ጥንቸል ጨካኙን አለቃ በራሱ ቋንቋ ሲሰድበው አንባቢው ያለ ትርጉም ይረዳዋል። በአንጻሩ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ድራማ «ባትልስታር ጋላክቲካ» ውስጥ የሚሰማው «ፍራክ» በዚያ ዓለም እምነት ወይም ፍርሃት ውስጥ ሥር የለውም። የሚሠራው ከታወቀ የእንግሊዝኛ ነውር ቃል ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ብቻ ነው፤ ያን ቃል ለማያውቅ ሰሚ ባዶ ድምፅ ነው።

ቃሉ በእርግጥ ሲሠራ

የዘውጉ ትልቁ ፈተና ከዚህ ይቀጥላል። በገሃዱ ዓለም ሰው «መብረቅ ይምታህ» ብሎ ተራግሞ ሲያበቃ ከተረገመው ሰው ጋር እራት ሊበላ ይችላል። አማልክት በሚሰሙበት፣ ቃልም አስማት በሆነበት ዓለም ግን ይህ እርግማን ድንጋይ ከመወርወር የባሰ ጥቃት ነው። እንዲህ ያለ ዓለም ፈጥሮ ገጸ ባሕርያቱን በየገጹ እንደልባቸው የሚያራግም ደራሲ የራሱን ሕግ ያፈርሳል። ቃል የሚገድል ከሆነ ሕፃናት ገና በማለዳ አፋቸውን መጠበቅ ይማራሉ፤ ጠብ በዝምታ ይካሄዳል፤ ተራጋሚም እንደ ነፍሰ ገዳይ ይዳኛል።

ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለንጉሥ ኢሲልዱር ሊዋጉ የማሉ የተራራ ሰዎች ጦርነት ሲመጣ ይሸሻሉ። ንጉሡም መሐላቸውን እስኪፈጽሙ ዕረፍት እንዳያገኙ ይረግማቸዋል፤ ሙታኑም ወራሹ እስኪጠራቸው ድረስ ለብዙ ዘመን ይንከራተታሉ። ጎለም በቀለበቷ ሲምል ደግሞ ፍሮዶ ቀለበቷ ከእሱ የከፋች አታላይ መሆኗንና ቃሉን ልታጣምምበት እንደምትችል ያስጠነቅቀዋል። በሁለቱም ቦታ መሐላው ታሪኩን ይሸከማል፤ ለጌጥ የገባ አይደለም።

ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1990 በጀመረው «የጊዜ መንኮራኩር» ተከታታይ ልቦለድ ውስጥ ባለ ኃይል ሴቶች እውነት ያልሆነ ቃል ላለመናገር በሚያስር በትር ላይ ይምላሉ። ውጤቱ ግን የሰዎች አመኔታ አይደለም፤ ሴቶቹ እውነት ብቻ እየተናገሩ ሰሚን ማሳሳት ይለምዳሉ፤ ሕዝቡም እያንዳንዱን ቃላቸውን ይጠራጠራል። የሚሠራ መሐላ የሰውን ጠባይ ይለውጣል፤ ማምለጫ መንገድም ያስፈልጋል።

አስማት በሌለበትም ቢሆን መሐላ ታሪክ ሊሸከም ይችላል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የበዛብህ ሕይወት ወላጆቹ በተሳሉት ስለት የታሰረ ነው። ስለቱን የተሳለው እሱ አይደለም፤ ዕዳው ግን የእሱ ነው። ለፋንታሲ ደራሲ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው ሌላው ሰው ያስያዘብን መያዣ ነውና።

የቃል ማርጀት

ቋንቋ ሲኖር ቃል ይሳሳል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1606 የወጣ ሕግ የእግዚአብሔርን ስም በመድረክ ላይ በቀልድ መጥራትን ሲከለክል አሥር ፓውንድ መቀጫ ጥሎበት ነበር። በዚያ ዘመን «በእግዚአብሔር ቁስል» የሚለው መሐላ ተቆርጦና ተለዝቦ «ዛውንድስ» የምትል አጭር ቃል ሆኗል። በአማርኛም «ማርያምን» በከባድ ነገር ላይ የሚነገር መሐላ ሆኖ ሳለ ዛሬ የሻይ ወሬ ማጠንከሪያም ነው። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ሁለቱንም ሊኖረው ይገባል፦ በችሎት ፊት በሙሉ ቀመሩ የሚነገረውን፣ በገበያም ተቆርጦ የሚወረወረውን። አንድ ዓይነት ብቻ ያለው ዓለም ትናንት የተሠራ ይመስላል።

አማርኛ የሚሰጠው ዕድል

በአማርኛ የሚጻፍ ፋንታሲ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ሃይማኖት ከመሐላ አልፎ በምስጋናውና በሰላምታው ውስጥ ገብቷል። «እግዜር ይስጥልኝ» ባዕድ አማልክት ባሉበት አገር አይባልም። ቋንቋው ግን መውጫም አለው። «ጤና ይስጥልኝ»፣ «ይማርህ»፣ «ይድፋህ» የሚሉት ባለቤታቸውን አይጠሩም። ሰጪው፣ ማሪውና ደፊው በግሡ ውስጥ ተሰውሯል፤ አንባቢም በስውሩ ቦታ የዚያን ዓለም አምላክ ሊተካ ይችላል። እንዲሁም «ይ-» የሚለው የምኞት ቅርጽና በመሐላ ላይ የሚገባው «-ን» የቃሉን ሚና ወዲያው ስለሚነግሩ ደራሲው አዲስ ስም ብቻ ቢያስገባ በቂ ነው።

ለማሳያ ያህል ከጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ እየቀዳ የሚኖር የበረሃ ሕዝብ ይታሰብ። ጉድጓዱ የሁሉ ነው፤ መቅጃው ገመድ ግን የየቤተሰቡ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅም ይወረሳል። የዚህ ሕዝብ ከባድ መሐላ «የአባቴ ገመድ ይበጠስ»፣ እርግማኑ «ገመድህ ይጠር» ሊሆን ይችላል። በገበያ ደግሞ «ገመዴን!» ብቻ ይባላል፤ ልጆችም እናታቸው እንዳትቆጣ «ገመሬን» ይላሉ። እንግዳ ሰው ሊመሳሰል ፈልጎ «ጉድጓዴን!» ቢል ግን ሰሚው ሁሉ ዝም ይላል፤ የጋራውን ነገር ለብቻው አስይዟልና። አንባቢው ስለዚያ ሕዝብ ንብረት፣ ውርስና ነውር የተማረው በአምስት ቃላት ነው፤ ማብራሪያ አንቀጽ አላስፈለገውም።

ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ምሳሌዎች የሚያመለክቱት እርግማንና መሐላ ዓለሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚረጩ ቅመሞች አለመሆናቸውን ነው። ሕዝቡ ምን እንደሚሳሳለት፣ ምን እንደሚፈራና የሚፈርድበት ማን እንደሆነ ያልወሰነ ደራሲ ቃሉን ሊያገኘው አይችልም። እነዚህን የወሰነ ደራሲ ግን ብዙ ቃላት አያስፈልጉትም። ተአማኒነቱም በመጨረሻ የሚፈተነው በአንድ ነገር ነው፦ ገጸ ባሕርዩ ቃሉን በሚያፈርስባት ገጽ ላይ የሚያጣው ነገር መኖር አለበት፤ አንባቢውም ያ ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።