የባጃጁ ጭስና የጋሪው ፈረስ

(መምህሩ ብቸና ላይ ፊዚክስ አስተምረው በጡረታ ላይ ያሉ ናቸው፤ ጠያቂዋ የሞጣ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።)

ተማሪ፦ ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ አገሮች ከትራንስፖርት የሚለቁትን ሚቴን ማወዳደር ነው። አሜሪካ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ መኪናው እየበዛ ሚቴኑ ቀንሷል። ይሄ እንዴት ይሆናል?

መምህር፦ ከሞተር ሚቴን የሚወጣው ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ነው። አሜሪካኖች ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ጭስ ማውጫው ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ገጠሙ፤ ከሞተሩ ያመለጠው እዚያ ይቃጠላል። ኋላም ካርቡራቶር ቀረና ነዳጁ በኮምፒውተር እየተመጠነ ገባ። የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ለሌለው የቤንዚን መኪና በአንድ ቴራጁል 33 ኪሎ ሚቴን ይታሰብበታል። ከ1995 ወዲህ ለተሠራ ቀላል መኪና 3.8 ብቻ ነው።

ተማሪ፦ አንድ ቴራጁል ስንት ሊትር ይሆናል?

መምህር፦ ቤንዚን ከሆነ 30 ሺህ ሊትር ግድም።

ተማሪ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ በየአገሩ ማን ለካው?

መምህር፦ አብዛኛውን ማንም አልለካውም! የተቃጠለው ነዳጅ በእንዲህ ዓይነቱ መጠን እየተባዛ ይጻፋል። ስለዚህ የአንድ አገር ቁጥር ድንገት ዝቅ ካለ፣ መኪናው ነው የተሻሻለው ወይስ ማባዣው ነው የተቀየረው ብለሽ ጠይቂ።

ተማሪ፦ ቁጥሩ ሲጨምርስ?

መምህር፦ ያኔ ነዳጁን እይ። ዴልሂ ከተማ ጭሱ ሲያፍናት በፍርድ ቤት ትእዛዝ አውቶቡሶቿን እስከ 2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ አዞረች፤ እዚያ ባጃጁም በጋዝ ነው የሚሄደው። ጥቀርሻው ቀለለ። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ራሱ ሚቴን ነው፤ ሳይቃጠል ያመለጠው እንዳለ ይወጣል። መመሪያው ለእሱ በቴራጁል 92 ኪሎ ነው የሚይዝለት። ፓኪስታንንና ኢራንንም ስታነጻጽሪ ይህን አትርሺ። እኛም ካሉብ ላይ ጋዝ አለን፤ መኪና ላይ ከዋለ የእኛም ቁጥር ያድጋል።

ተማሪ፦ ለጊዜው ግን የኢትዮጵያ ቁጥር ትንሽ ነው።

መምህር፦ ከደጀን በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን አይሱዙ እይው፤ ናፍጣ ነው። ለናፍጣ 3.9 ኪሎ ነው የሚታሰበው። ሠንጠረዥሽ ውስጥ የሌለ ደግሞ አንድ አለ፤ ያ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ።

ተማሪ፦ ኧረ ጋሼ! ፈረስ ምን አገባው?

መምህር፦ እንጭንበታለን፣ እንሳፈርበታለን፤ ትራንስፖርት አይደለም? ፈረስ በዓመት 18 ኪሎ ሚቴን ይያዝለታል፤ አህያ 10። የሚጻፈው ግን እርሻ ዓምድ ውስጥ፣ ከእንስሳቱ ጋር ነው። እስቲ ፈረሱን ከእኛ አገር ባጃጅ ጋር አነጻጽሪው፤ ባጃጁ በቀን 5 ሊትር ቤንዚን ይጨርስ፤ በዓመት 1,800 ሊትር ግድም ነው። በ33ቱ ብታሰቢው ስንት ይመጣል?

ተማሪ፦ 2 ኪሎ አካባቢ... እንዴ! ጋሪው ዘጠኝ እጥፍ ባሰ ማለት ነዋ!

መምህር፦ አትቸኩይ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ባጃጁ በዓመት ከ4,100 ኪሎ በላይ ለቀቀ። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት የካርቦን ዳይኦክሳይድን 28 እጥፍ ያሞቃል። 18ን በ28 አባዢው።

ተማሪ፦ 504።

መምህር፦ በ20 ዓመት ብታሰቢው እንኳ ከ80 እጥፍ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ 1,500 ገደማ ላይ ይቆማል። ሚቴኑን ብቻ ይዘሽ ብትፈርጂ ጋሪውን በሐሰት ከሰስሽው።

ተማሪ፦ ታዲያ የእኛ አገር ሚቴን ከየት ነው?

መምህር፦ ጤፉን ከሚያርሰው በሬ። ሲያመሰኳ በግሳቱ የሚወጣው ነው። በዚያው በ2006ቱ መመሪያ በአፍሪካ አንድ በሬ በዓመት 31 ኪሎ ይታሰብለታል፤ ማጣሪያ የሌለው ሞተር 30 ሺህ ሊትር ቤንዚን ቢጨርስ ከሚያወጣው ጋር እኩል በይው። የአገሪቱ የቀንድ ከብት ደግሞ 70 ሚሊዮን ግድም ነው።

ተማሪ፦ እንግዲያ ርእሱን ልተወው?

መምህር፦ ለምን ትተዪዋለሽ? መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ ወደፊት የሚነጻጸር ነገር ይኖርሻል። ብቻ ከሚቴኑ ዓምድ ጎን የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጨምሪ፤ ሁለቱንም ለሕዝቡ ቁጥር አካፍይ። ከሥሩም ጋሪና የጭነት ከብት እንዳልተቆጠሩ ጻፊ፤ ፈታኞችሽ ሳይጠይቁሽ።