የሟች አባት ጠመንጃ፦ የወራሽ ግዴታና መብት

ጥያቄ፦ የምንኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አጠና ተራ አካባቢ ነው። አባታችን በቅርቡ አርፈው ዕቃቸውን ስናነሣ፣ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን ምንሽር ከጥቂት ጥይት ጋር ከአልጋቸው ሥር አገኘን። የፈቃድ ወረቀት አላየንም። ወንድሜ «የአባት ቅርስ ነው፣ ይቀመጥ» ይላል። እናቴ ደግሞ «ለፖሊስ ብንናገር እንታሰራለን» ብላ ፈርታለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

ወንድምዎ ጠመንጃውን እንደ ቅርስ ማየቱ ይገባኛል። በብዙ የአገራችን ክፍል መሣሪያ የአባት ክብርና የቤት መከታ ሆኖ ኖሯል። ሕጉ ግን መሣሪያን እንደ ሳጥንና እንደ ጋቢ ዝም ብለው የሚካፈሉት ንብረት አያደርገውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና መሸጥን ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውየው ነው፤ ዕድሜው 18 ዓመት መሙላቱ፣ የአእምሮ ጤንነቱና ጠባዩ ታይቶ። ስለዚህ አባትዎ ፈቃድ ቢኖራቸው እንኳ ፈቃዱ በእርሳቸው ስም ነበር፤ ለልጆቻቸው አይተላለፍም። «ለቤት ጥበቃ ነው» ማለትም ፈቃድን አይተካም።

አንዳንዶች መሣሪያ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ይላሉ። በአሜሪካ በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛው ማሻሻያ እንዲህ ያለ መብት ይሰጣል። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ እንጂ ለግለሰብ የመታጠቅ መብት አልደነገገም። ሕገ መንግሥቱ አጥብቆ የጠበቀው የቤትዎን፣ የአካልዎንና የነፃነትዎን ክብር ነው። መሣሪያ ቤትዎ በመገኘቱ ይህ ጥበቃ አይቀርም።

አሁን የሚከተሉትን ያድርጉ።

1. ጠመንጃውን አይፍቱት፣ አይሞክሩት፣ ለጎረቤት አያሳዩት። ልጆች ከማይደርሱበት ክፍል ቆልፈው ያስቀምጡት።

2. ተሸክመውት ወደ ጣቢያ አይሂዱ። ያለ ፈቃድ ይዞ መንቀሳቀስ በራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ባዶ እጅዎን፣ የሚቻል ከሆነ ከጠበቃ ጋር፣ በአቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው በጽሑፍ ያሳውቁ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይያዙ። ከከተማው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ካወጣችሁ እርሱንም ይጨምሩ።

3. ፖሊስ መሣሪያውን ሲረከብ ዓይነቱ፣ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት የተጻፈበት፣ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት የርክክብ ሰነድ ይጠይቁ። ቅጂው ከእርስዎ ዘንድ ይቅር። ከቤተሰቡ አንዱ በስሙ ፈቃድ ሊያወጣ ከፈለገ፣ ማመልከቻውን ማቅረብ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።

የእናትዎ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ዕለት፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ በእጁ ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ተነግሮት ነበር። በዚያ አዋጅ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽና መያዝ ተፈቅዶ ነበር። በመደበኛው ጊዜ ግን ደንቡ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይወቀው።

በመርሕ ደረጃ ቤት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ፍተሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆን እንዳለበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 ደንግጓል። አንቀጽ 32 የተለዩ ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ ለምሳሌ ተጠርጣሪ እየተባረረ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶ ፈቃድ እስኪወጣ እንዳይሸሽ በበቂ ምክንያት ሲሠጋ። የመሣሪያ ጥቆማ በዚህ ሥር ሊወድቅ ስለሚችል «ፈቃድ አሳዩኝ» ብለው ይጠይቁ እንጂ በር ይዘው አይታገሉ። የተወሰደው ሁሉ በዝርዝር እንዲጻፍና ከተቻለ ገለልተኛ ሰው እንዲፈርምበት ይጠይቁ።

ሰው ከተያዘም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው። ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ተከሶ ለጠበቃ የሚከፍለው ካጣና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም፣ አንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል።

በገዛ ፈቃድ ማስታወቅ ከማንኛውም ክስ ነፃ ያወጣል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ነገር ግን አግኝቶ ወዲያው ያመለከተ ሰውና እያወቀ የደበቀ ሰው በዓቃቤ ሕግም ሆነ በዳኛ ፊት እኩል አይታዩም። እያንዳንዱ የዘገየ ቀን እርስዎን ወደ ሁለተኛው ያስጠጋዎታል። ወንድምዎን አሳምነው በዚህ ሳምንት ያመልክቱ።