ልጄ በብዙ ሺህ ተማሪ መሀል እንዳትጠፋ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር ትላለች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ማን ያያታል? ትንሽ ኮሌጅ አይሻላትም?
እናት ነኝ

መልስ፦ እመቤት፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ 30 ሺህ ገደማ ተማሪ ያለበት ግቢ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዳንዱ ትምህርት በትልቅ አዳራሽ ይሰጣል፤ ፕሮፌሰሩም ጊዜያቸውን ለምርምር ጭምር ስለሚያካፍሉ፣ ተማሪው ያልገባውን የሚጠይቀው በአብዛኛው ረዳት መምህር በሚመራው አነስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። በሌላ በኩል ያው ምርምር ለልጅዎ ትልቅ ዕድል ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም ቤተ ሙከራ ገብቶ ይሠራል። ፕሮፌሰሩ ተማሪ ወደሚያነጋግሩበት የቢሮ ሰዓት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የከበዳትን አንድ የቤት ሥራ ይዛ ትግባ። እንዲህ የምታደርግ ተማሪ አትጠፋም፤ ዝምተኛ ከሆነች ግን ትንሹን ኮሌጅም በቁም ነገር ያስቡበት።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ የቅበላ ገደብ ስላለበት፣ ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት ማለት ትምህርት ክፍሉ ተቀበላት ማለት አይደለም። የቅበላ ደብዳቤውን በደንብ ያንብቡ።

ክፍያን በተመለከተ፣ የሜሪላንድ ስቴት ነዋሪ የሚከፍለው ከሌላ ስቴት ከሚመጣው በእጅጉ ያነሰ ነው። የነዋሪነት ማስረጃዎ ካጠራጠረዎት የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር፣ ስለ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ደግሞ የትምህርት ቤቷን ካውንስለር የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ ያነጋግሩ።